ልቀቂ እስክላት

እኔ በጂን፣ በመንፈስ፣ በ«ታየኝ ተሰማኝ» የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ስጨርስ «ይቺ ልጅ ድሮም እንዲህ ናት» እንዳትሉኝ ነው። እናቴ የፈላ ውሃ ወደ ፍሳሽ ስትደፋ ከሥር ያሉት ጂኖች እንዳይቃጠሉ ብላ ቢስሚላህ ትላለች፣ እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ እስቅባት ነበር፣ ሕክምና ማጥናት ከጀመርኩ በኋላማ ጭራሽ መናገሪያ አሳጣኋት። እናቴ የወሎ ሰው ናት፣ በወጣትነቷ ካርቱም ሄዳ ካፉሪ በሚባል ሰፈር በሰው ቤት ስትሠራ ኖራ እኔን እዚያው ባሕሪ በሚሉት የከተማው ክፍል ወለደችኝ፣ ስለዚህ ዐረብኛው የመንገዴና የትምህርቴ ቋንቋ ሆኖ አማርኛው የቤቴ ነው። ከሰዓዳ ጋር ያገናኘኝም ይኸው የቤት አማርኛዬ ነው።

ያኔ ኢምቲያዝ ላይ ነበርኩ፣ ከተመረቅን በኋላ በየክፍሉ እየዞርን የምንለማመድበትን ጊዜ እዚያ እንዲህ ነው የሚሉት፣ ቃሉ ብልጫ ማለት ነው፣ ሥራው ግን ደም መቅዳት፣ አልጋ መግፋት፣ ወረቀት ይዞ መሮጥና ከላይ ካሉት ሁሉ ቁጣ መቀበል ነው። አንድ ቀን «አንቺ ራህማ፣ አንዲት ሐበሺያ መጥታለች፣ የምትለው አልገባንም፣ ነይ እስቲ» ብለው ከድንገተኛ ክፍል ጠሩኝ። ስሄድ እኩያዬ የምትመስል ቀጭን ልጅ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትንፋሽ ታሳድዳለች፣ መጋደም አልቻለችም። ሰዓዳ ትባላለች፣ እንደ እናቴ የወሎ ልጅ ናት፣ አል-ማንሺያ በሚባል ሰፈር በሰው ቤት ነው የምትሠራው፣ የአሠሪዎቿ ሹፌር በር ላይ አውርዷት ሄዷል።

«ምንሽን ነው የሚያምሽ እህቴ?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ፣ መልስ ከመስጠቷ በፊት እንባዋ ቀደመ። «ያገሬ ልጅ ነሽ እንዴ? ወላሂ እዚህ አገር የሚሰማኝ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።»

ደረቷን ራጅ እንድትነሣ ታዘዘና ይዣት ወረድኩ። ራጅ የሚያነሡት ዐም ኢድሪስ፣ አጎቴ ኢድሪስ እንደማለት፣ የሚባሉ ጨዋታ የሚወዱ ሽማግሌ ናቸው፣ ከመስታወቱ ጀርባ ሆነው «ሺሊ ነፈስ!» ይሏታል፣ ትንፋሽ ሳቢ ማለታቸው ነው፣ እሷ ደግሞ የጠሯት መስሏት «አይዋ!» ብላ አቤት ትላለች፣ ስትናገር ትንፋሿ ይወጣል፣ ፎቶው ይበላሻል። እንደገና «ሺሊ ነፈስ!»፣ እንደገና «አይዋ!»። በመጨረሻ እኔ በአማርኛ «ወደ ውስጥ ሳቢ፣ ያዢ፣ ያዢ፣ በቃ ልቀቂ!» አልኳት፣ ተነሣች። ያን ጊዜ የሳቅነውን ሳቅ ብታዩ፣ እሷ እንኳ እያሳላት ትስቃለች።

ፎቶውን ያነበበችልኝ ዶክተር ሱዓድ ናት፣ የራዲዮሎጂ ሐኪማችን፣ ብዙ የማትናገር ሴት። ስክሪኑ ላይ በሁለቱ ሳንባዎች መሀል ልቧን ተደግፎ የተቀመጠውን ነጭ ነገር በእስክሪብቶዋ ጫፍ ዞረችውና «ይህ ከወራት በፊት ቢታይ ኖሮ» አለች፣ ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። ዕጢ እንደሆነና ጊዜው እንዳለፈ ለሰዓዳ የነገርኳት እኔ ነኝ፣ ሌላ ማን ሊነግራት? አልጮኸችም። ነጠላዋን እያጣጠፈች «እናቴ እንዳትሰማ ብቻ፣ አደራ፣ ደህና ናት በይልኝ» አለችኝ።

እንግዲህ ያቺ «ልቀቂ» ጨዋታችን ሆና ቀረች። በአልጋዋ በኩል ሳልፍ ጉንጮቿን እንደ ፊኛ ትነፋና ዐይኗን አፍጥጣ ትጠብቀኛለች፣ እኔ «ልቀቂ አንቺ ልጅ፣ ትታፈኛለሽ!» ስላት ፉ ብላ ትተነፍሳለች። የጎረቤት አልጋ ሱዳናውያን ሴቶች ሳይቀሩ ቃሏን ለምደዋት «ልቀቂ! ልቀቂ!» እያሉ ያጅቡኝ ነበር።

የሞተችው በዕረፍት ቀኔ ነው፣ ቤቴ ተኝቼ ሳለሁ። ስመለስ አልጋዋ ላይ ሌላ ሴት አለች። ከጎኗ የተኛችው ሐጃ እጄን ያዘችና «ሲጨንቃት በር በሩን ታይ ነበር» አለችኝ፣ «ኋላ ጉንጯን ነፋች፣ ጨዋታ መስሎን ሁላችን ልቀቂ፣ ልቀቂ አልናት። እኛን አልሰማችንም፣ ልጄ።» እናቴና የካፉሪ ጓደኞቿ አጥበው አስቀበሯት፣ ወሎ ደውላ ለሰዓዳ እናት የነገረችውም እናቴ ናት፣ እኔ ስልኩን መያዝ አልቻልኩም።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። ከዚያ ሳምንታት አልፈው በአንድ ቀትር ሀቡብ ተነሣ፣ ያ የአቧራ ማዕበል፣ ካርቱም የኖረ ያውቀዋል፣ ሰማዩ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ቡናማ ሆነ፣ ከዚያ በጠራራ ፀሐይ ጊዜ ድፍን ጨለማ። መብራት ጠፍቶ በጄኔሬተር ነበርን፣ አምፖሉ ሊሞት እንደደረሰ ሻማ ይርገበገባል። እኔ ሐጅ ባቢክር የሚባሉ ሽማግሌ ይዤ ራጅ ክፍል ወርጃለሁ፣ ከሰሜን ገጠር በዚያው ዕለት የመጡ፣ ጆሯቸው ፈጽሞ የማይሰማ፣ ልጃቸው እንኳ በእጅ ምልክት ነው የሚያነጋግራቸው። ልጃቸውን ውጭ አስቀመጥነው፣ ሐጁን ከሰሌዳው ፊት አቆምናቸው፣ ዐም ኢድሪስና እኔ ከመስታወቱ ጀርባ ገባን።

«እሺ፣ ለዚህ ሰውዬ ትንፋሽ ያዙ የሚለውን እንዴት ብዬ ነው የማስረዳው?» አሉ ዐም ኢድሪስ፣ ወጥተው በእጃቸው ሊያሳዩ ሲነሡ ሐጁ ወደ ቀኛቸው ዞር አሉ፣ እዚያ ግድግዳ ብቻ ነው ያለው፣ ፈገግ አሉ፣ ከዚያ ጉንጫቸውን ነፉና ቀጥ ብለው ቆሙ። ዐም ኢድሪስ ዕድሉን ሳያሳልፉ ቁልፉን ተጫኑ፣ ፎቶው ተነሣ።

ሐጁ ግን አልተነፈሱም። ጠበቅን፣ አሁንም ጉንጫቸው እንደተነፋ ነው። ዐም ኢድሪስ መስታወቱን ደበደቡ፣ ጮኹ፣ ለማን? የሐጁ ከንፈር መጥቆር ሲጀምር ሮጬ ገባሁ። ክፍሉ ውስጥ የነፋሱ ጩኸት የለም፣ እመኑኝ፣ ውጭ ዓለም እየተገለበጠ እዚያ ግን ጸጥ ብሏል፣ ሐጁም ዐይናቸው እኔ ላይ ሳይሆን ከጎናቸው ያለ ሰው ላይ ነው፣ ያ ሰው የሚያደርገውን ለማድረግ እንደሚጠብቁ ሁሉ። ትከሻቸውን ያዝኩና ተነፍሱ ልላቸው አፌን ከፈትኩ፣ ሰውየው ወንድ ናቸው፣ ዐረብ ናቸው፣ ደግሞም አይሰሙም፣ ከአፌ የወጣው ግን «ልቀቂ» የሚል ነው።

ከጆሮዬ አጠገብ ትንፋሽ ወጣ። ረጅም፣ የደከመው ሰው ትንፋሽ፣ አንገቴ ላይ ሙቀቱ ተሰማኝ። ሐጁ የተነፈሱት ከዚያ በኋላ ነው።

ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው። የማይሰማ ሰው ድምፁን እንደማይመጥን ታውቃላችሁ፣ እየጮኹ «ምነው ዶክተራ፣ አዘገየሻት እኮ! ልጅቷ ደክሟታል» አሉኝ።

የቷ ልጅ ብዬ በእጄ ጠየቅኋቸው።

«ሐበሺያዋ ናታ፣ ከጎኔ የቆመችው። እንዲህ አድርግ ብላ አሳየችኝ፣ አደረግኩ። እሷ አንቺን አንቺን ታያለች፣ አንቺ ዝም አልሽ።» ከዚያ ክፍሉን ዞር ዞር ብለው አዩና «የት ሄደች?» አሉ።

ዐም ኢድሪስ ጥግ ላይ ቆመው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ቁርኣን እየቀሩ ነበር። ሐጁን ልጃቸው ሲወስዳቸው ቀስ ብለው «አንቺም ሰማሽው?» አሉኝ። «ምኑን?» ስላቸው «ምንም፣ ነፋሱን» አሉና ወደ ማሽኑ ዞሩ።

በኋላ ብዙ አሰብኩ፣ ትንፋሽ ያጠረው ሽማግሌ የሌለ ነገር ያያል፣ ያዘነ ሰው ጆሮም የሚፈልገውን ይሰማል፣ ይህን ሁሉ ለራሴ ብያለሁ። ግን ሐጁ በዚያው ዕለት ከገጠር የመጡ ናቸው፣ ስለ ጉንጯ ማን ነገራቸው?

ሰው ከእንዲህ ያለ ክፍል ይሸሻል፣ እኔ ግን ሥራ ባለቀ ቁጥር እግሬ ወደዚያ ይወስደኝ ጀመር። ከዶክተር ሱዓድ ጎን ተቀምጬ ፎቶ ማንበብ ለመድኩ። ቀድሞ የሕፃናት ሐኪም ልሆን ነበር ያሰብኩት፣ ራዲዮሎጂ መረጥኩ ስል ጓደኞቼ «በሽተኛ የምትወጂ ልጅ ጨለማ ቤት ልትዘጊ ነው?» አሉኝ። ሰዓቱ ይመቻል አልኳቸው። እውነቱን ለእናቴ ብቻ ነው የነገርኳት፣ ዶክተር ሱዓድ ያልጨረሰችው ዐረፍተ ነገር እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር፣ ለአንድ ሰው እንኳ በጊዜ ላይለት ብዬ ነው። ስለ ክፍሉም ነገርኳት፣ እናቴ እንደማሾፍባት ጊዜ አልተቆጣችም፣ አለቀሰች።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ እኔና እናቴ በገዳሪፍ አድርገን መተማን ተሻገርን፣ አሁን አዲስ አበባ ራዲዮሎጂ እያጠናሁ ነው። ዐም ኢድሪስ ከካርቱም አልወጡም፣ ኔትወርክ ሲገኝ ይደውሉልኛል። ባለፈው ሰሞን ሆስፒታሉን ለማየት ሄደው እንደነበር ነገሩኝ፣ በሩ ተሰብሯል፣ አልጋው ተወስዷል፣ ሰው የሚባል የለበትም።

«ራጅ ክፍልስ ገቡ?» አልኳቸው።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «አሎ? ዐም ኢድሪስ?» አልኩ።

«በሩ ድረስ ሄጄ ነበር፣ ልጄ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ተመለስኩ» አሉ፣ ድምፃቸው የዚያ ጨዋታ ወዳድ ሽማግሌ ድምፅ አልነበረም፣ «ያላ፣ ለእናትሽ ሰላም በይልኝ» ብለው ዘጉት።

ዛሬም ይደውላሉ፣ ስለ ዳቦው፣ ስለ አባይ መሙላት፣ ስለ ልጆቻቸው እናወራለን። በሩ ላይ ምን እንደመለሳቸው አይነግሩኝም፣ እኔም አልጠይቃቸውም።