የመርሳው ገማች

የነጋዴዎች ተወካይ ሙላቱ ከመርሳ ገበያ ጀርባ፣ ማንጎ ሥር ባለ የመስኖ ቦይ ውስጥ ተደፍቶ የተገኘው ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ነው። ማጅራቱን በድንጋይ ተመትቷል። ያን ቀን ከግብር ሰዎች ጋር ሱቅ ለሱቅ ዞሮ የየአንዳንዱን የቀን ሽያጭ ሊገምት ነበር፤ ያለ እሱ ደግሞ ግምት የለም። ፖሊስ ሱቆቹን እንደነበሩ አሽጎ ጫማ ሻጩን ረዲን ያዘ። ጎረቤቱ ወይዘሮ የሺ፣ ትናንት በሙላቱ ላይ ሲዝት በጆሮዬ ሰምቻለሁ ብላ መስክራለች። ማታ ወደ ወልድያ ሊወስዱት ነው፤ ሚስቱ ኢብቲሳም ከጣቢያው በር አልነቃነቅ ብላለች።

ኢንስፔክተር መሪማ ከወልድያ እንደደረሰች ረዲን አስጠራችው።

«ዝተሃል?»

«ዝቻለሁ። ምረጡት ብዬ የጠቆምኩት እኔው፣ ባለፈው ግምት በቀን ሦስት ሺህ ብር ትሸጣለህ ብሎ የጫነብኝ እሱ። ግን ወላሂ አልነካሁትም።»

መሪማ ሱቆቹን አስከፈተች። የረዲ መደርደሪያ ላይ ሦስት ጥንድ ጫማ ቀርቷል። የሺ ዘንድ ግማሽ ኩንታል ምስርና መጥረጊያ ብቻ። ቀሪው የት ሄደ ብትላት የሺ ሳቀች፤ «ገማች ሲመጣ ማን ሞልቶ ይጠብቃል፣ የኔ እመቤት?»

የዘይት ነጋዴው የጋሽ አበባው ሱቅ ግን በዘይት ጀሪካን እስከ ጣሪያው ሞልቷል። መንግሥትን አላታልልም አለ፣ ረጋ ብሎ። መሪማ አመሰገነችው። ከጀሪካኑ ላይ አንድ ነገር በጣቷ አንስታ አየችና የባጃጅ ሾፌሮቹን ልታነጋግር ወጣች።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉንም ገበያው መሐል ሰበሰበቻቸው። ረዲም በካቴና መጣ።

«ሁላችሁም ዕቃ አሽሽታችኋል። ጋሽ አበባውም እንደዚያው። ዘይቱ ላይ ያለው ጭድ ከቤትዎ ጭድ ክምር ነው፤ ትናንት ዘይቱን ወደዚያ የወሰደው ባጃጅ ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መልሶታል። አስከሬኑ የተገኘው አራት ሰዓት ላይ ነው። ገማቹ እንደማይመጣ በአንድ ሰዓት ማን ነገረዎት?»

የገበያ ቀን ነበር፤ አበባው ሽያጩ እንዳያመልጠው ሳስቷል።

«ወንድሜን ሱቁን አዘግቶ ለስደት በረሃ የዳረገው የሙላቱ ግምት ነው» አለ። «ሬሳው እንኳ አልመጣልኝም። ሙላቱን ያስመረጠን ደግሞ ረዲ ነው፤ ትናንት ሲዝት እኔም ሰምቻለሁ። አንዱን በእጄ፣ ሌላውን በሕግ ልበቀል ነበር።»

«ሙላቱ በተመረጠ ቀን የእርስዎ እጅ አልወጣም?» አለች መሪማ።

«ወጥቷል» አለና እጁን ለካቴናው ዘረጋ።

ከረዲ የተፈታው ካቴና አበባው ላይ ገባ። የግብሩ ሰው ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ግምቱ ለሰኞ መዛወሩን ተናገረ፤ አሁኑኑ ተወካይ ምረጡም አላቸው። የሺ አፍራ ኖሮ መጀመሪያ አፏን የከፈተች እሷ ናት።

«ረዲ ይሁን። በድለነዋል።»

ሁሉም እጁን አወጣ። ረዲ የእጅ አንጓውን እያሸ ፊታቸውን አንድ በአንድ አያቸው።

«እሺ። እትዬ የሺ፣ ሰኞ ከአንቱ እጀምራለሁ። የቀረውን ምስር የት እንዳስቀመጡት አውቃለሁ።»

የነጋዴዎቹ እጆች መውረድ ሲጀምሩ የግብሩ ሰው ድምፁን ቆጥሮ ጨርሶ ነበር።