አሲሚና እና በአደራ የተሰጣት ማኅተም

አሲሚና ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቤቷ አቴንስ ከተማ ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በነሐሴ ሙቀት እዚያ ቤት ግድግዳው ራሱ ያልበዋል።

ዛሬ ግን ስለ ሙቀት የሚያወራ የለም። ሻንጣ እየታሰረ ነው። ቤተሰቡ በየዓመቱ ለእመቤታችን ፍልሰታ ወደ ገጠር ይወርዳል፤ በወይራ ዛፎች መሃል ወዳለው የድንጋይ ቤት፣ ወደ ባሕሩ።

*

መኪናዋ ትንሽ ናት። አባቷ አርጊሪስ ዕቃውን ይጭናል። ቆም ብሎ ያያል። ሁሉንም መልሶ አስፋልቱ ላይ ያወርዳል። እንደገና ይጭናል።

«አርጊሪስ፣ ቤቱንም ጫነውና እንገላገል» አለች ጎረቤት ከበረንዳዋ።

«ላንቺ የሚሆን ቦታ እየፈለግሁ ነው» አላት፣ ላቡን እየጠረገ።

ሕጉ አንድ ነው፤ ለአንድ ሰው አንድ ሻንጣ። ካልተዘጋ ይቀነሳል።

*

እናቷ ዳፍኒ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዛ ገባች። ከእንጨት የተቀረጸ ማኅተም ነበር፤ መስቀልና ፊደላት ያሉበት።

«የእትዬ ስታማታ አሮጌው ተሰንጥቋል» አለች። እትዬ ስታማታ የአባቷ አክስት ናቸው። «ዘንድሮ የበዓሉን ኅብስት የመጋገሩ ተራ የደረሰው እሳቸውን ነው። ማኅተም ያላረፈበት ኅብስት ደግሞ ለቅዳሴ አይሆንም። በልብሶችሽ መሃል ይሁን፣ እንዳይሰበር። አደራ።»

«እሺ እማዬ።»

እናቷ ስትወጣ አሲሚና አዲሱን የዋና ጫማዋን አነሳች። የዳክዬ እግር የሚመስል፣ ቢጫ። ሻንጣው ውስጥ ከተተችው። ዚፑ እንቢ አለ። ተቀመጠችበት። እንቢ። ልጆች፣ እናንተም ሻንጣ ላይ ተቀምጣችሁ ታውቁ ይሆናል። ሹራቧን አወጣች። አሁንም እንቢ።

ከዚያ ማኅተሙን አወጣች።

«ሌላ አያጡም» አለች በልቧ። ትራሷ ሥር ሸጎጠችው። ዚፑ በአንድ ጊዜ ተዘጋ። ጥፋት አንዳንዴ እንዲህ በቀላሉ ይዘጋል።

*

ገጠር ሲደርሱ እትዬ ስታማታ የድንጋዩ ቤት በር ላይ ቆመው ነበር። እጃቸው ዱቄት በዱቄት ነው።

«ዓይኔ፣ አንቺ ረዘምሽ፣ እኔ አጠርኩ። ማኅተሜስ?»

«አሲሚና ጋ ነው» አለች ዳፍኒ።

ሁሉም ወደ አሲሚና ዞሩ። ጆሮዋ ጋለ።

«እኔ ጋ የለም» አለች። «ምናልባት አባዬ ሲያወርድ ሲጭን…»

አልጨረሰችውም። መጨረስም አላስፈለጋትም።

«ብዬህ ነበር» አለች እናቷ ለአባቷ። «አስፋልት ላይ ትተኸው መጣህ።»

አርጊሪስ ራሱን አከከ። አልተከራከረም። «ይሆናል» አለ። «ሰማያዊውን ቦርሳ ሳወርድ መሰለኝ። አዎ፣ ያኔ አንድ ነገር ወድቋል።»

ምንም አልወደቀም ነበር። ይህን የምታውቀው አሲሚና ብቻ ናት።

እትዬ ስታማታ በሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ቡኮው ኩፍ ብሏል» አሉ።

*

አባቷ ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ጎንበስ ብሎ ፊቱን ታጠበ። ከመንዳቱ ብዛት ዓይኑ ቀልቷል። የመኪናው ቁልፍ በእጁ ነው።

«ሄጄ አመጣዋለሁ።»

«አሁን? ያንን ሁሉ የተራራ መንገድ?» አለች ዳፍኒ።

«ነገ በዓል ነው። እትዬን እያቸው እስቲ።»

አሲሚና የዋና ጫማዋን ታቅፋ ቆማለች። አባቷ ውኃው ከአገጩ እየተንጠባጠበ ጠቀሳት። «አንቺ ሂጂ ዋኚ፣ የኔ ዳክዬ። እኔን አትጠብቂ።»

ልጆች፣ ቢቆጣት ኖሮ ዝም ትል ነበር። አልተቆጣም።

«አባዬ፣ አትሂድ።»

«ለምን?»

«አልወደቀም። ትራሴ ሥር ነው። እኔ ነኝ ያወጣሁት። ለዚህ ብዬ።» ቢጫው ጫማ ከእጇ ወደቀ። ማልቀስ ጀመረች።

አባቷ ቧንቧውን ዘጋ። «ይገርማል» አለ በቀስታ። «እኔኮ ሲወድቅ ያየሁት መስሎኝ ነበር።» አጠገቧ ቁጢጥ አለ። «የቱ ከበደሽ? ማውጣቱ ነው ወይስ በእኔ ማሳበቡ?»

«በአንተ ማሳበቡ።»

«እኔንም የሚያመኝ እሱ ነው» አለና እርጥብ እጁን ራሷ ላይ አሳረፈ።

*

ሁሉን የሰሙት እትዬ ስታማታ ከድንጋዩ ተነሡ።

«እዚሁ መንደር ፖሊክሴኒ ጋ ማኅተም አለ። ለመንደሩ ሁሉ አዲስ ይመጣልኛል ብዬ ስለተኩራራሁ ለመለመን አፍሬ ነው። እኔ ኩራቴን እውጣለሁ። አንቺ ደግሞ ሄደሽ ትለምኛለሽ፤ ያደረግሽውንም አንድ ሳታስቀሪ ትነግሪያታለሽ።»

አሲሚና ሄደች። እማማ ፖሊክሴኒ በራቸው ላይ ባቄላ ይፈለፍሉ ነበር። ሁሉንም ነገረቻቸው። አንድም አላስቀረችም።

«ስታማታ ከእኔ ልትዋስ?» አሉ እማማ ፖሊክሴኒ፣ በሌለው ጥርሳቸው እየሳቁ። «ይኼን ለማየት ነው ለካ የቆየሁት።» ገብተው ማኅተሙን አመጡና በሽርጣቸው ጠረጉት። «ያረጀ ነው፤ ጠበቅ አድርጋችሁ ጫኑት። አንቺ ደግሞ እንባሽን ጥረጊ፣ ሊጡ ላይ እንዳይንጠባጠብ።»

*

እትዬ ስታማታ የአሲሚናን እጆች ማኅተሙ ላይ አስቀመጡ፤ በላዩ የራሳቸውን ደረቡ። ሁለቱም ሊጡ ላይ ተጫኑት። ሲነሣ መስቀሉ በትንሹ ተጣሟል።

«አበላሸሁት።»

«አላበላሸሽም። ይታያል፣ ይበቃል።»

በማግስቱ ቄሱ ኅብስቱን ተቀበሉ። አርጊሪስ ሌሊቱን በደንብ ተኝቶ ነበር፤ ፊቱ ታጥቦ፣ ሸሚዙ ተተኩሶ፣ በቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ ቆሟል። አሲሚና ሄዳ እጁን ያዘችው። እሱም አጥብቆ ያዛት።

ልጆች፣ ጥፋታችንን በሌላ ሰው ስናሳብብ ዕዳውን የሚሸከምልን የሚወደን ሰው ነውና፣ እውነቱን እኛው ቶሎ እንናገር።