አሥራ አንድ ዓመት የታመመ ጉበት

ንግግሩን ቃል በቃል አያስታውሰውም። ከነጭ መጋረጃ ወዲያ ሁለት ሰዎች ያወሩ ነበር፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት። መርፌ የሚቀቀልበት ቡታጋዝ ሹሹ እያለ ግማሹን ቃል ይበላዋል። ሴትዮዋ «የዚያ የረጅሙ ልጅስ?» አለች። ወንዱ የሆነ ነገር ተናገረና... «ቲሩ ነው» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «አይሆንም» አለ።

ቀንዓ የሰማው ይህንኑ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ተሸክሞት የኖረውም ይህንኑ ነው።

ቲሩ በኦሮምኛ ጉበት ማለት ነው።

ዓመቱ 1990 ነበር። ቀንዓ ያኔ የሃያ አራት ዓመት ወጣት፣ አምቦ ከተማ የሚያስተምር የሳይንስ መምህር ነው። ናኦሚን ያወቃት ጋሪ ላይ ነው። ዝናብ ድንገት ሲወርድ ሁለቱም ወደ አንድ ጋሪ ሮጡ። ፈረሱ ሳይታሰብ ፈትለክ ሲል ቀንዓ እላይዋ ላይ ወደቀባት።

«ይቅርታ! ይቅርታ እህቴ...»

«ምነው? ወንበሩ ጠበበህ?»

ፊቱ በርበሬ መሰለ። የሚለው ቢጠፋው፣ መምህር አይደል፣ ክፍል ውስጥ የሚያወራውን አወጣ።

«ሰው ሲያፍር የሚቀላው ፊቱ ብቻ አይደለም። ጨጓራውም ከውስጥ ይቀላል።»

 ናኦሚን ሳቋ አመለጣት።

«እና አሁን ጨጓራህ ቀልቷል?»

«በጣም!»

ከዚያ ወዲያ በተገናኙ ቁጥር «የዛሬውን አምጣ» ትለዋለች። እሱም ያመጣል። ጆሮ ውስጥ ከምስር ፍሬ ያነሰች አጥንት እንዳለች ነገራት። ልብ በቀን መቶ ሺህ ጊዜ እንደሚመታ ነገራት።

«ከመቶ ሺሁ ስንቱ ለእኔ ነው?»

«መቁጠሩ ያደክማል...»

«ሰነፍ!» ብላ ትስቃለች።

ሊጋቡ ተነጋገሩ። የጸሎት ቤታቸው ሽማግሌዎችም ሰሙ። በመሃል የናኦሚ እናት እትዬ ወርቅቱ ታመሙና ኦፕራሲዮን ተባሉ። ደም ተፈለገ። ቀንዓ ማንም ሳይጠይቀው እጅጌውን ሰብስቦ ሆስፒታል ሄደ። ለምርመራ ትንሽ ደም ተቀዳለትና ከመጋረጃው ወዲህ ተቀምጦ ይጠብቅ ጀመር።

አባቱ የሞቱት በጉበት ነው። ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ፣ ሆዳቸው ተነፍቶ፣ በትውልድ ከተማቸው እጃጂ ስድስት ወር ተኝተው። ቀንዓ ደግሞ በዚያው ሳምንት ልጆቹን ሲያስተምር የሰነበተው ስለ ጉበት ነው፤ በኦሮምኛ። ቲሩ ይህን ያጣራል፣ ቲሩ ያንን ያከማቻል ሲል ሰንብቶ፣ ከመጋረጃው ወዲያ «ቲሩ ነው... አይሆንም» ሲባል ሌላ ምን ይስማ?

ተነሣ። የሆስፒታሉን በር እንዴት እንዳለፈ አያውቅም። ለናኦሚ ሁለት መስመር ጻፈላት፤ «አትጠብቂኝ። ይቅር በይኝ።» ዝውውር ጠየቀና እጃጂ ገባ፤ በአጎቱ በኦቦ ሆርዶፋ ግቢ ውስጥ፣ አንዲት ክፍል ውስጥ።

ሞትን መጠበቅ አድካሚ ነው። ጠዋት ጠዋት መስተዋት ፊት ቆሞ የዓይኑን ቆብ ወደ ታች ይስባል፤ ቢጫ መጣ እንዴ? ሆዱን ይዳስሳል። ቅባት አይነካም። ጤና ጣቢያ ደጃፍ አይደርስም፤ የሚነግሩትን አውቆታላ! ማታ ይጸልያል፣ ጠዋት ነቅቶ ራሱን ሲያገኘው ከመደሰት ይልቅ ይደክመዋል። ጌታ ሆይ፣ እስከ መቼ?

«አንተ ልጅ» ይሉታል ኦቦ ሆርዶፋ፣ «ሚስት የማታገባው ምን ሆነህ ነው?»

«ደክሞኝ ነው፣ አጎቴ።»

«ሳያርሱ ድካም!»

እሳቸው የአገር ሽማግሌ ናቸው። ከጌዶ እስከ ባኮ ስንቱን አጋብተዋል፣ ስንቱን አስታርቀዋል። የገዛ ወንድማቸውን ልጅ ግን አላወቁትም። ለማን ተናግሮ!

በ2001 ደም ለጋሾችን የሚመዘግብ ቡድን ከአምቦ እጃጂ ትምህርት ቤት መጣ። መምህራኑ ተሰለፉ። ቀንዓ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሲል አንዲት ነርስ ከመዝገቡ ላይ ቀና አለች።

ናኦሚ ነበረች።

ጥቂት ከስታለች። ዓይኗ ሥር ድካም አለ። እጇ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀረ።

«መምህር ቀንዓ» አለች ቀስ ብላ። «ዛሬም መርፌ ትፈራለህ?»

«መርፌ?»

«እማዬ እስካሁን ስምህን አትጠራም። "መርፌ ፈርቶ የሮጠው" ነው የምትልህ።»

ወረፋው ሲያልቅ ባዶ ክፍል ውስጥ፣ የተማሪ ዴስክ ላይ ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«እናትሽ... ዳኑ?»

«ዳነች። የጎረቤት ልጅ ደም ሰጣት።»

«አንቺስ... አገባሽ?»

«አግብቼ ነበር። አልዘለቀም።» መስኮቱን አየች። «ነርስ የሆንኩትም በአንተ ንዴት ነው። ደም ሳይ የማልሮጥ ልሁን ብዬ።»

«ናኦሚ፣ እኔ መርፌ ፈርቼ አይደለም...»

«ተወው፣ ቀንዓ። አልፏል። የላቦራቶሪው ሰውዬ ወጥቶ ስምህን ሲጠራ እዚያው ቆሜ ነበር። እንዴት እንዳፈርኩ! "ደሙ ጥሩ ነው፣ ግን ዓይነቱ ስለማይገጥም ለእናትሽ አይሆንም፣ ሌላ ሰው ፈልጊ" ነው ያለኝ። አንተ ግን...»

ቀንዓ ከተቀመጠበት ተነሣ።

«ምን አለሽ? ድገሚው!»

«ደሙ ጥሩ ነው፣ ግን...»

«ጥሩ?»

«ጥሩ። ምን ሆነሃል?»

«ቲሩ አይደል እንዴ ያለው?... ቲሩ... ጉበት?»

 ነገሩ ቀስ እያለ ሲገባት ናኦሚ ፊት ላይ ይታያል።

«ቀንዓ... ሰውዬው ከጎጃም ከመጣ ገና ሳምንቱ ነበር። "አካም" ብሎ ሰላምታ መስጠት እንኳ አያውቅም። በየት በኩል ቲሩ ይላል?»

ቀንዓ ተመልሶ ዴስኩ ላይ ተቀመጠ። 

«ጆሮ ድምፅ ነው የሚያቀብለው» አለች። «ቃሉን የሚሠራው አእምሮ ነው። ይህን ያስተማርከኝ አንተ ነህ! የፈራኸውን ሰማህ።»

«አባቴ በእሱ ነው የሞተው...»

«አውቃለሁ። ና፣ ክንድህን አምጣ።»

«ናኦሚ፣ እኔ አሁን...»

«ክንድህን አምጣ አልኩህ!»

እጅጌውን ሰብስቦ ዘረጋላት። 

«ቀይ ደም ዕድሜው አራት ወር ነው» አለች መርፌውን ስታወጣ። «ያኔ ከነበረህ ደም ዛሬ ሰውነትህ ውስጥ አንዲት ጠብታ የለችም። ከሠላሳ ጊዜ በላይ ታድሰሃል። አንተ ግን እዚያው መጋረጃ ሥር ቁጭ ብለሃል።»

ቅዳሜ ውጤቱን ይዛ ራሷ መጣች። ቀንዓ ከሚኒባሱ ማቆሚያ አልራቀም ነበር።

«ጉበትህ ደህና ነው» አለችው። «ጥሩ ነው አልልህም። ደህና ነው!»

ሊስቅ ፈልጎ አቃተው። እንደሚፈነድቅ ነበር የሚያስበው፤ የመጣው ግን የአሥራ አንድ ዓመቱ ድካም ነው።  መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እሷም አጠገቡ ተቀመጠች።

«ይቅር በይኝ።»

«ስለ ምኑ?»

«ስለ... መስማቴ። በትክክል ስላልሰማሁ።»

«እሱማ ስሕተት ነው፤ ማንም ይሳሳታል። እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው። እውነት ታመህ ቢሆንስ? አስታምሜ መቅበር አልችልም ነበር? እኔ እኮ ጉበትህን ላገባ አልነበረም! ማን ወሰነልኝ?»

«እኔ።»

«አንተ! ሳትጠይቀኝ!»

 የእጃጂ ገበያተኛ በፊታቸው ያልፋል። አንዲት ሴትዮ ዶሮ አንጠልጥላ ሰላም ብላቸው አለፈች። ናኦሚ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«ናኦሚ... ሽማግሌ ብልክ...?»



«እማዬን ማን ያሳምናታል?»

«አጎቴ አሉ። ኦቦ ሆርዶፋ አፋቸው ማር ነው።»

«እንግዲያው አይሆንም። የሰው ማር አልፈልግም። ሽማግሌህን ላክ፤ ግን አንተም አብረህ ትመጣለህ። ለምን እንደሄድክ እናቴ ፊት በራስህ አፍ ትናገራለህ። እሷ ከሰማችህ በኋላ እኔም እመልስልሃለሁ።»

«ባህሉ አይፈቅድም እኮ...»

«ሳይሰናበቱ መጥፋትንስ ይፈቅዳል?»

ማምሻውን ቀንዓ ለአጎቱ ሁሉንም ነገራቸው፤ መጋረጃውን፣ ቃሉን፣ መስተዋቱን። ኦቦ ሆርዶፋ መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ የሳቁበት ነገር ምን እንደሆነ ሲገባቸው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

«ዋቃዮ! አምላኬ! እኔ ቤት ተቀምጠህ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ፣ አጎቴ።»

«አሁንስ ምን ላድርግልህ?»

«አምቦ ሽማግሌ ሆነው ይሂዱልኝ። ግን እኔም አብሬ እገባለሁ። የምናገረውም እኔ ነኝ።»

«ሙሽራው ከጃርሳ፣ ከሽማግሌ ጋር?» ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነሡ። «ማሎ፣ በፈጠረህ! ሰው ምን ይለናል? እንዲህ ያለ ነገር የት አይተህ ነው?»

«እሷ ናት ያለችው።»

«እንግዲያው ሌላ ጃርሳ ፈልግ!»

በሩ ድረስ ሄዱ። ተመለሱ። ተቀመጡ። የወንድማቸውን ልጅ ቀና ብለው አዩት፤ ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው፣ ጸጉሩ ከጎንና ከጎን መሸበት ጀምሯል።

«አንተ ስትናገር እኔ ምን ልሠራ ነው?»

«ከጎኔ ይቀመጡልኛል።»

«ዝም ብዬ?»

«ዝም ብለው።»

ኦቦ ሆርዶፋ ረጅም ትንፋሽ አወጡ።

«እሺ» አሉ በመጨረሻ። «ለሚመጣው ቅዳሜ እንሄዳለን። በሩን እኔ አንኳኳለሁ፣ ሰላምታውንም እኔ እሰጣለሁ። ከዚያ በኋላ አንተ ተናገር፤ እኔ ዝም እላለሁ።»