አንዲት መምህርት ትበቃለች

ታላቁ ጦርነት ባበቃ በሦስተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በአንድ ረፋድ፣ ከድልድዩ ማዶ ባለው የመንግሥት ትምህርት ቤት የተገኙት እነዚህ ነበሩ፦ የግምጃ ቤቱ ሹም፤ የሸንጎው እንደራሴ፣ ቀድሞ አናጢ የነበረና ንግግሩ ማንንም ስለማይምር «መጋዝ» የተባለው፤ የትምህርት ቤቱ መምህርት፤ በአንድ ክፍል የታጨቁ ሁለት መቶ ልጆችም ነበሩ።

ሹሙ የመንግሥትን ወጪ እቀንሳለሁ ብሎ ከትምህርት ቤቱ ሦስት መምህራን ሁለቱን ለሙከራ አሰናብቶ ነበር፤ አሁን ደግሞ ይህንኑ በአገሩ ሁሉ የሚያጸና አዋጅ ለሸንጎው አቅርቧል። አዋጁን አጥብቆ የተቃወመው መጋዝ ነው፤ «ከመወሰናችን በፊት ክቡርነትዎ በዓይንዎ ይዩት» ብሎ ሹሙን ያመጣውም እሱው።

በዋዜማው መምህርቷን እንዲህ ሲል ለምኗት ነበር፤

«እትዬ፣ አደራዎን፣ ነገ ምንም እንዳያዘጋጁ። እንደ ወትሮው ይንጫጩ። ጩኸቱን ይስማ፤ መተፋፈጉን ይመልከት።»

«ልጆቼን ስድ አድርጌ ለእንግዳ ላሳይ?»

«አንድ ቀን ብቻ!»

«እንግዳ ሲመጣ ቤቱን የማይጠርግ ማን አለ?»

«እኔ ቤቱ ሊፈርስ ነው እላለሁ፣ እርስዎ መጥረጊያ ያነሣሉ!» ብሎ ሳቀ፤ የተስማማች መስሎትም ሄደ።

ሹሙ በሩን ሲያልፍ የተቀበለው ዝምታ ነበር። መምህርቷ ብቻዋን ስትጮኽ ከርማ ጉሮሮዋ ተዘግቷል፤ ክፍሉን የምታዘው ጠመኔዋን ሰሌዳው ላይ እየመታች ነው። አንዴ መታች፤ ሁለት መቶ ልጆች እንደ አንድ ሰው ተነሡ። ደግማ መታች፤ ታላላቆቹ ወደ ታናናሾቹ ዞሩ፤ በየአግዳሚው ትምህርት ተጀመረ። ሦስተኛ ስትመታ ሁሉም ባንድ ድምፅ የማባዣውን ሰንጠረዥ ወረዱት፤ ድምፁ ከወለሉ እየተነሣ የመስኮቱን መስታወት አንቀጠቀጠው። ሹሙ ሳያውቀው ባርኔጣውን አወለቀ፤ መጋዝም የመጣበትን ነገር ረስቶ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ሲነቃ ግን የኋላውን አግዳሚ አየ። እዚያ የተቀመጡት ሕፃናት፣ ከተመዘገቡ ጀምሮ አንዲት ፊደል ያስቆጠራቸው ሰው የለም፤ ከንፈራቸውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ። ሹሙን ወደዚያ መራው።

«ክቡርነትዎ፣ እስቲ ይህችን ሕፃን ከሰሌዳው ያስነብቧት!»

ሕፃኗ ተነሣች፤ ዓይኗን ሰሌዳው ላይ ተከለች። «ውሃ ሲደጋግም ድንጋይ ይበሳል» አለች፣ ጮክ ብላ።

«ያኛውስ?» አለ መጋዝ።

ያኛውም አነበበ። ቀጥሎ ያለችውም። ከፊታቸው የተቀመጡት ታላላቆች ራሳቸውን ሳያዞሩ፣ ትንፋሽ በሚመስል ሹክሹክታ ቃሉን ያቀብሏቸው ነበር። ይህን ያዘዛቸው የለም፤ አንዱ ከወደቀ መምህርታቸው እንደምታፍር ብቻ ያውቃሉ።

መጋዝ ሹክሹክታውን ሰማ። «ክቡርነትዎ፣ እነዚህ ልጆች…» ብሎ ጀመረ፤ ሕፃኗም ቀና ብላ አየችው። በሸንጎ ማንንም የማይምረው ሰው እነዚያን ልጆች ማሳጣት አልሆነለትም። 

«ተአምር ነው!» አለ ሹሙ፣ እንባ አቅርሮ፤ ከልቡ ነበር። «የተከበሩ እንደራሴ፣ እንግዲህ ምን ጎደለ ይላሉ? አንዲት መምህርት ይህን ከሠራች ሦስት ለምን ያስፈልጋሉ?»

ሹሙ ሠረገላው ውስጥ ሲገባ መጋዝ ወደ መምህርቷ ዞረ።

«እትዬ፣ ጉድ ሠሩኝ።»

«ምን ላድርግ ልጄ?» አለች በታፈነ ድምፅ፤ «ተረዳዱ ብዬ አላዘዝኳቸውም። ከየት ተማሩት?»

«ከማን ይሆናል? ከእርስዎ ነዋ።»

የዚያን ዘመን ታሪክ የጻፉ ሰዎች የሹሙን ቆጣቢነት አመስግነዋል፤ የተቃዋሚዎቹንም ሽንፈት በአንድ መስመር አልፈውታል፤ የተሸነፉበትን ምክንያት ግን ማንም አልጠየቀም። ታሪክ የሸንጎውን ድምፅ ይቆጥራል እንጂ፣ ልጆች አንዳቸው ለአንዳቸው የሚያቀብሉትን ትንፋሽ የሚሰማበት ጆሮ የለውም።

በጉብኝቱ ማግስት ሸንጎው አዋጁን አጸደቀ። የተሰናበቱት ሁለቱ መምህራን አልተመለሱም።