የጡረታው ተጠቃሚ

ሟቹ ጋራዡ ውስጥ፣ አሮጌ መኪናው ሥር በጀርባው ተንጋሏል። ክሪኩ ተንሸራቶ መኪናው ደረቱ ላይ አርፏል። ዕድሜ ልኩን አውቶቡስ ሲነዳና ሲጠግን የኖረ ሰው በገዛ መኪናው ተደፍጥጦ መሞቱን ሰፈርተኛው «የቀን ጎዶሎ» አለው። ባልደረቦቿ «መርፌ» ለሚሏት መርማሪ ግን ነገሩ አልዋጥላት አለ።

ተንበርክካ አየችው። የቱታው እጅጌ ከእጅ አንጓው በላይ ቀርቷል። ከአንገቱ ሥር ነጭ ሸሚዝና በወጉ የታሰረ ከረባት ይታያል።

«በከረባት መኪና ሥር የሚገባ ሰው!» ስትል አጉረመረመች።

ሳሎን ውስጥ ሦስት ሰዎች ጠበቋት፤ ሟቹ ዓምና ያገባት ሚስቱ፣ ከሞተችው የመጀመሪያ ሚስቱ የወለዳት አስተማሪ ልጁ፣ እና በጋራዥ ሥራ የሚተዳደረው አጭሩ ታናሽ ወንድሙ።

«እሷን ይጠይቁልኝ!» አለች ልጅቱ፣ እንጀራ እናቷን በጣቷ እየጠቆመች። «አባዬን ያገባችው ለጡረታው ብላ ነው።»

«እኔ ገበያ ነበርኩ፤ ስመለስ ነው ያገኘሁት» አለች ሚስቱ እንባዋን እየጠረገች።

«ባለቤትዎ ከረባት አስረው ወዴት ሊሄዱ ነበር?» አለች መርፌ።

«ጡረታ ቢሮ። የጡረታው ተጠቃሚ አድርጎ እኔንና ልጁን ሊያስመዘግብ። ትናንት እራት ላይ ለሁላችንም ነግሮናል።»

«እኔ ከጠዋት ጀምሮ ሥራዬ ላይ ነበርኩ» አለ ወንድሙ ሳይጠየቅ። «ወንድሜ ችኩል ነው፤ ሳልወጣ መኪናዋን ልያት ብሎ ይሆናል።»

መርፌ በጓሮ በኩል ስትወጣ ገመድ ላይ የተሰጣ ቱታ አየች።

«ይሄስ የማን ነው?»

«የአባዬ። ትናንት እሷ አጠበችው፣ እኔ አሰጣሁት» አለች ልጅቱ። «ሌላ ቱታ የለውም።»

ጡረታ ቢሮ ግን ሌላ ጣጣ ነበር። ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠው ሠራተኛ «የተመዘገበው ሰው ስም ምስጢር ነው» ብሎ መለሳት። የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዛ ሄደች፤ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባለች። ደግማ ሄደች፤ «ሲስተም የለም።» ደሟ ፈላ። «ሰው ሞቷል እኮ!» ብላ መስኮቱን ስትደበድብ ነው ኃላፊው ከስብሰባቸው ብቅ ያሉት።

የፈለገችውን አግኝታ ሦስቱንም ሳሎኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። በሩ ላይ ፖሊስ ቆመ።

«አደጋ አይደለም» አለች። «ሊወጡ ሲሉ ማጅራታቸውን ተመተዋል፤ ሐኪሙም አረጋግጧል። ገዳዩ አደጋ ለማስመሰል መኪናው ሥር ሊያስገባቸው አሰበ። በሙሉ ልብስ መኪና የሚጠግን የለምና ቱታ ፈለገ። ጋራዡ ውስጥ የሟቹ ቱታ የሚሰቀልበት ሚስማር ግን ባዶ ነበር።»

ወደ ሴቶቹ ዞረች።

«እናንተ ገመዱ ላይ መሆኑን ታውቃላችሁ። እርጥብ ነው ብላችሁ ብትተዉት እንኳ ሌላ ከየት ታመጣላችሁ? ገዳዩ ግን ቱታ ከእጁ አይጠፋም። የራሱን አለበሳቸው። ሟቹ ረጅም ናቸው፤ እጅጌው አጠረ።»

ወንድምየው ብድግ አለ። «አገር ምድሩ ቱታ ይለብሳል! ምን ላገኝ ብዬ?»

«ጡረታውን። የመጀመሪያ ሚስታቸው ሲሞቱ ልጅቱ ሕፃን ነበረች። እሷን ያሳድግበት ብለው የእርስዎን ስም አስመዘገቡ። ሊለውጡት መሆኑን እራት ላይ ሰሙ።»

«ታዲያ ስሜ አለ አይደል? ሕጉስ ለእኔ አይደል የሚለው?»

«አይልም» አለች መርፌ። «ሰው ሲያገባ የቀድሞው ምዝገባ ይሰረዛል። ከሠርጉ ቀን ጀምሮ መብቱ የሚስቱና የልጁ ነው።»

ወንድምየው ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

«ታዲያ... በከንቱ ነው?» አለ።

«ሁለቴ እኮ እዚያ ጡረታ ቢሮ መስኮት ሄዷል!» ብላ ጮኸች ሚስቱ። «ሁለቴም ‹ነገ ተመለስ› አሉት። መለወጥ አያስፈልግህም የሚለው ሰው እንዴት ይጥፋ?»

መርፌም ያንኑ ስትብሰለሰል ነበር የመጣችው።

ፖሊሱ ወንድምየውን ይዞ ሲወጣ ልጅቱ መንገዱ ላይ ቆመች።

«ጋሼ» አለችው። «ቸግሮኛል ብትለው እኮ አባዬ ይሰጥህ ነበር።»