በረኪና የበላው አሻራ

«እትዬ፣ አሻራዎ አይነበብም» አለችኝ ሰላም፣ መርሳ ከተማ ለዲጂታል መታወቂያ የምትመዘግበው ልጅ። ጅዳ ሰው ቤት ስሠራ በረኪና በልቶታል። ከመጣሁም ወዲህ ምግብ ቤቴ ውስጥ እጄ ከሳሙና ወጥቶ አያውቅም።

ከኋላዬ የተሰለፈ ሰው «ሌባ ብትሆኚ የሚይዝሽ የለም ነበር» አለ። ዞሬ ገላመጥሁት። አላፈረም፤ ዐይኑ ይስቃል። ብርቱካን ነጋዴው ኑርሁሴን ነበር።

በማግስቱ ምሳ ሊበላ መጣ። ከዚያ ወዲያ ቀርቶ አያውቅም። አንድ ቀን ሳህኑን ገፋ አድርጎ «ዘይነባ፣ አግቢኝ» አለ።

ሳህኑን አንስቼ ወጥ ጨመርሁለት። እሺ ማለቴ እንደሆነ ገባው።

ቃዲው ግን እምቢ አሉ። «ጅዳ ያገባሽው ሰውዬ መፍታቱን በምን ልወቅ? የፍቺሽ ማስረጃ ሳይመጣ ኒካህ አላስርም።»

እውነታቸውን ነው፤ ሰውዬው ፈትቶኛል፣ ወረቀቱን ግን ሳልይዝ ነው የመጣሁት። እያለቀስሁ ሰላም ዘንድ ሄድሁ፤ ኑርሁሴንም ተከተለኝ።

«በኢንተርኔት ማስመጣት ይቻላል» አለች። «ግን ያኔ እዚያ የሰጡት አሻራና የዛሬው መግጠም አለበት። እጅዎን ያሳርፉት፣ ቆዳው ይመለሳል። ሳሙና እንዳይነኩ።»

«ሳህኑን ማን ሊያጥብልኝ ነው?»

«አብሽሪ፣ እኔ አለሁልሽ» አለ ኑርሁሴን።

ከምሳ በኋላ እጅጌውን ሰብስቦ ድስት ፊት ቁጭ አለ። ሰፈሩ ሳቀብን። ጎረቤቴ ከድጃ በር ላይ ቆማ «ኑርሁሴን፣ የኔም ድስት አለ፤ ላምጣልህ?» አለችው።

«ቶሎ አምጪው። ካገባሁ በኋላ ጊዜ የለኝም» አላት፣ ቀና ሳይል።

እኔ ግትር ነኝ፤ ሰው ሲደክምልኝ አልወድም። ድስቱን ልነጥቀው ስል ቫዝሊን ከኪሱ አውጥቶ ፊቴ አስቀመጠ። ዐይን ለዐይን ተያየን። ድስቱን ተውሁለት።

ሳምንታት አለፉ። ሰላም ጣቴን መስታወቱ ላይ ጫነችው፤ ማሽኑ ተቀበለኝ። መታወቂያዬ ደረሰ፣ በእሱም ማመልከቻው ተላከ። ከዚያ የፍቺ ማስረጃው በስልኬ መጣ። ቃዲው ዐረብኛውን ሁለት ጊዜ አነበቡና «በይ፣ መህርሽን ጥሪ፤ ምን ጥሎሽ ይስጥሽ?» አሉኝ።

«ተቀብያለሁ፣ ቃዲ።»

«ምን ተቀበልሽ? መቼ?»

«ሳህኔን ሲያጥብልኝ። እጁን ይዩት።»

ኑርሁሴን እጁን ከጋቢው ስር ሊደብቅ ሲል ያዙት። ሳሙና የሰነጣጠቀውን መዳፉን ገልብጠው አዩት፤ በጣታቸውም ዳሰሱት።

«ይበቃል» አሉ በመጨረሻ፣ ኒካሁንም አሰሩልን።

አልሐምዱሊላህ።