ከመሬት የተነሳው ገመድ

ጋሽ ሀብተሥላሴ የሞቱት በገዛ ጋራዣቸው፣ በገዛ መኪናቸው ክዳን ተጨፍልቀው ነው። መሽቶ ሳይነጋ ቦንጋ ሙሉ ሰማ። ሰው ሁሉ የሚለውም አንድ ነገር ነው፦ «የኢሳያስ የክዳን ማንሻ ገደላቸው።» የባሰው ደግሞ ኢሳያስ ራሱ ይህንኑ ማለቱ ነው።

ኢንስፔክተር አብርሆት በማግስቱ ጠዋት ጣቢያ ስትደርስ የኢሳያስ ሚስት በእምነት በር ላይ ቆማለች። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ደረቷ ላይ አቅፋለች።

«ኢንስፔክተር፣ በፈጠረዎት አምላክ! አልበላም አልጠጣም ብሏል። ማታ ሸሚዙን ቀዶ ሲገምድ ነው የደረሱበት። ዛሬ ካልደረሱለት ነገ ሬሳውን ነው የምትሰጡኝ።»

አብርሆት ቁመቷ አጭር፣ ምላሷ ረጅም ነው ይባላል። አሁን ግን «እኔ አደርስለታለሁ» ብቻ አለች። ቆጮውን ተቀብላ ገባች።

ኢሳያስ ሸሚዙን ተቀምቶ፣ በባዶ ደረቱ ጥግ ላይ ኩርምት ብሏል። በያጅ ነው። እጆቹን እንደማያውቃቸው ሁሉ አፍጥጦ ያያቸዋል።

«ለምንድነው ገደልኩ የምትለው?»

«ብየዳው የኔ ነዋ! ክዳኑ የሚታሰርባቸውን የጣሪያውን ወራጅ መንጠቆዎች የበየድኳቸው እኔ ነኝ። ጋሼ ሙያ አስተምረው፣ አብልተው አሳደጉኝ፤ እኔ ደግሞ ገደልኳቸው። ምን ትጠብቃላችሁ? ፍረዱብኝና ልገላገል።»

«ትናንት የት ነበርክ?»

«ሺሺንዳ፣ የሰው የግቢ በር ስበይድ። ስመለስ ነገሩኝ።»

«ከዚያ ጋራዥ ገብተህ ብየዳህን አየኸው?»

«በየት ዓይኔ? ቀጥታ ወደዚህ መጣሁ።»

ፖሊሶቹም አላዩትም ነበር። ሬሳ መሬት ላይ ተኝቶ ማን ሽቅብ ያያል? ገዳይ ነኝ ባይ በእግሩ ከመጣ በኋላስ ማን መሰላል ይሸከማል? አብርሆት ቆጮውን አጠገቡ አኖረችለት፤ ቀና ብሎም አላየው። ይህ ሰው ነገን አያያትም ብላ ፈራች።

ጋራዡ ሰፊ የቆርቆሮ ቤት ነው፤ ሁለት መኪና ጎን ለጎን ያስገባል። የጋሽ ሀብተሥላሴ አሮጌ ሃርድቶፕ፣ ጣሪያዋ እንደ ክዳን የሚነቀል፣ የሠርግ መኪና ነበረች። ክዳኗ ይነሳና ቪዲዮ ቀራጩ ከኋላ ቆሞ የሙሽሮቹን አጀብ እየቀረጸ ይሄዳል። ድሮ ክዳኑን ለማንሳት የሰፈር ጎረምሳ ሁሉ ይለመን ነበር፤ አንዱ እጁ ከላላ ጥጉ ይሰነጠቃል። ኢሳያስ ማንሻውን የሠራው ለዚህ ነው። ግድግዳው ላይ በእጅ የሚዞር ዊንች አለ፤ ከዊንቹ ተነስቶ በጣሪያው ወራጅ ብረት በኩል የሚወርደው የሽቦ ገመድ፣ ካቦው፣ ክዳኑን ያነሳል። ክዳኑ ጣሪያው ሥር ከደረሰ በኋላ ደግሞ አራት ሰንሰለቶች ከወራጁ መንጠቆዎች ጋር ያስሩታል። ሰንሰለቱ ከታሰረ ዊንቹ ቢለቀቅ እንኳ ክዳኑ ንቅንቅ አይልም።

ሽማግሌው ይህን ስለሚያውቁ ቦታው ባዶ ሲሆን መቀመጫ ዱካቸውን ከተሰቀለው ክዳን ሥር ያስቀምጡና፣ ከዊንቹ በላይ ባለችው መስኮት ብርሃን የመኪና ዕቃ ያጥቡ ነበር።

«ሰብሃት፣ መሰላል!» አለች አብርሆት።

ወጣቱ ፖሊስ ሰብሃት አምጥቶ ደገፈላት። ወጣች። መንጠቆዎቹን አንድ በአንድ በእጇ ጎተተቻቸው፤ ተንጠለጠለችባቸውም። የኢሳያስ ብየዳ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ የለበትም። ካቦውም አልተበጠሰም። ሰንሰለቶቹ ግን መንጠቆዎቹ ላይ የሉም።

ወርዳ ዊንቹን አየች። ወደኋላ እንዳይዞር የሚይዘው ጥርስ ተነስቷል፤ ጥርሱ ላይ ቀጭን የቃጫ ክር ተሰክቷል። ዞር ስትል ሰንሰለቶቹን በሩ አጠገብ ካለ ከፍ ያለ ምስማር ላይ አገኘቻቸው። አጠገባቸው አንድ የቃጫ ገመድ በክብ ተጠቅልሎ፣ ወገቡ በጫፉ ታስሮ፣ እንደ ጌጥ ተሰቅሏል።

«ከትናንት ወዲህ ዕቃ የነካ አለ?»

«ማንም። ሬሳውን አውጥተን በሩን አሸግን» አለ ሰብሃት።

እትዬ አልጣሽ፣ የሟች ባለቤት፣ ከጋራዡ ጀርባ ባለው ቤታቸው በለቀስተኛ ተከበው ነበር። አብርሆት ለብቻቸው ወደ ጓዳ ወሰደቻቸው።

«እትዬ፣ እግዜር ያጽናዎት። ጋራዡ ውስጥ ያለው የቃጫ ገመድ ምን ይሠራል?»

«ክዳኑ ሲወርድ እንዳይወዛወዝ መያዣ ነው።»

«ሁልጊዜ ምስማር ላይ ነው የሚውለው?»

«እሳቸው ዕቃ ሰቅለው ያውቃሉ? መሬት ላይ ጥለውት ስንቴ አደናቅፎኛል...» አሉና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ሰሞኑን የተጣላቸው ሰው ነበር?»

«የለም» አሉ ቶሎ። «ማንም የለም።»

«ኢሳያስ እህል አልቀምስም ብሎ እየሞተ ነው።»

እትዬ አልጣሽ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። «እኔን ምን አድርጊ ትይኛለሽ? እኔስ ቆሜ ሞቼ የለም?»

ይህ የባል ሐዘን ብቻ አይደለም አለች አብርሆት በልቧ። ሌላ ነገር አንቋቸዋል።

ጎረቤቱ ነጂብ የብረታ ብረት ነጋዴ ነው፤ ካቦውን የሸጠው እሱ ነው። ባለፈው ሰሞን ከሟች ጋር ሲጯጯህ ሰፈር ሰምቶታል።

«አዎ ተጯጩኸናል!» አለ ሳትጠይቀው። «የጣሪያቸው አሸንዳ ውሃውን ሱቄ ውስጥ ይለቀው ነበር። ለአሸንዳ ሰው ይገደላል? ወላሂ፣ ትናንት እንኳ ሻይ ልኬላቸዋለሁ።»

«ሲወድቅ ሰማህ?»

«አንዳች ነገር ጓ! ሲል ሰማሁ፤ ነጎድጓድ መሰለኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ማን ይለያል? ከቀትር ጀምሮ እስኪመሽ አላባራም እኮ።»

ሦስተኛው ተጠያቂ የእትዬ አልጣሽ ታናሽ ወንድም ወንድማገኝ ነው፤ የሠርጓ መኪና ሾፌር። ግቢው ውስጥ፣ ክዳን የሌላትን መኪና ተደግፎ ሲያለቅስ አገኘችው። ዓይኑ አብጧል። ልቅሶው የውሸት አልነበረም፤ ይህ ነው አብርሆትን ያስገረማት።

«ትናንት የት ዋልክ?»

«ዋጫ። መኪናዋን ይዤ ደንበኛ ፍለጋ ሄጄ ሰው አጥቼ ተመለስኩ። ስደርስ መሽቷል፤ ጋሼ...» ፊቱን በእጅጌው ጠረገ።

«ዝናቡ ያዘህ?»

«ኧረ ይተዉኝ! ሜዳ ላይ ነው የወረደብኝ። እስከ አጥንቴ በሰበስኩ።»

«ሸራ አልነበረህም?»

«ክዳን ላላት መኪና ሸራ ማን ይገዛል?»

አብርሆት እያወራች እጇን ወንበሩ ላይ አሳረፈች። ከዚያ መኪናዋን ዞረች። የግራው የፊት መብራት አዲስ ነው፤ የቀኙ አርጅቶ ቢጫ ሆኗል። አዲሱን መስታወት በጣቷ ነካችው። ሺሺንዳ መንገድ ላይ ቡናቸውን ተሸክመው ሲሄዱ ተገጭተው የሞቱትን አዛውንት ጉዳይ የያዘችው እሷ ነበረች። ገጪው አልቆመላቸውም። ቦታው ላይ የቀረው የመብራት ስብርባሪ ብቻ ነው።

«የት ነው ያደግከው ወንድማገኝ?»

«ማንኪራ። አጎቴ ቀፎ ሰቃይ ነበር፤ እሱ ጋ።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ጋራዡ ውስጥ ተሰበሰቡ፦ እትዬ አልጣሽ፣ ነጂብ፣ ወንድማገኝ፣ እጁ የታሰረው ኢሳያስና ከኋላው ያልተነካውን ቆጮ መልሳ ያቀፈችው በእምነት። ኢሳያስ አንገቱን ደፍቷል፤ ወለሉ ላይ ያለውን ክዳን ላለማየት ዓይኑን ጨፍኗል። ገመዱን አብርሆት አስቀድማ ከምስማሩ አውርዳ፣ ፈትታ መሬት ላይ ጥላዋለች።

«መጀመሪያ ይህን ክዳን ወደ ጥግ አንሱልኝ» አለች።

ነጂብ፣ ሰብሃትና ወንድማገኝ እንደ ድሮው በእጃቸው እያቃሰቱ አነሱት። ገመዱ እግራቸው ሥር እየገባ አስቸገረ። ሰብሃት ተራመደው። ነጂብ በጫማው ገፋው። ክዳኑ ጥግ ተቀመጠ፤ ሁሉም ላቡን ጠረገ፤ አብርሆትም ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር ማሰር ጀመረች። ማሰሪያው አልቸገራትም፤ የምትጠብቀው ነገር አለ።

ወንድማገኝ ገመዱን አነሳ። በመዳፉና በክርኑ መካከል ጠቀለለው፤ በጫፉ ወገቡን አሰረው፤ ከፍ ያለ ምስማር ፈልጎ ሰቀለው። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባል የለ!

እትዬ አልጣሽ «ወይኔ!» ብለው ግድግዳውን ያዙ።

«ለምን ሰቀልከው?» አለች አብርሆት በዝግታ።

«እ? መሬት ላይ ስለነበር ነዋ።»

«ማንኪራ ውስጥ ሠርቻለሁ። ቀፎ የሚጎተትበት ገመድ መሬት አያድርም፤ ጉንዳን ይይዘዋል፣ ጉንዳኑም ማሩ ላይ ይወጣል። ልጅ ሆነህ ገመድ ጥለህ ስንቴ ተገርፈሃል? ጋሽ ሀብተሥላሴ ግን ገመድ ሰቅለው አያውቁም። ታዲያ እሳቸው ክዳን ሥር ወድቀው ሳሉ ይህን ገመድ በዚሁ አጠቃለል ማን ሰቀለው?»

«ገመድ በመጠቅለል ሰው ይወነጀላል?»

«አይወነጀልም። አንድ በአንድ እንሂድ። ማንሻው አልተሰበረም፤ ብየዳውም ካቦውም ደህና ነው። ሰንሰለቶቹን ግን አንድ ሰው አስቀድሞ ፈትቷቸዋል። ሰንሰለት የሚፈታው መኪናዋ ከሥር ገብታ ክዳኑ ሲወርድ ነው፤ የክዳኑ ቦታ ደግሞ ባዶ ነበር። ሽማግሌው ዱካቸው ላይ ሆነው ዊንቹ ከፊታቸው ነው፤ ጥርሱን በእጅ ልልቀቅ የሚል ሰው ይታያል። ስለዚህ ገዳዩ ገመዱን ቀድሞ ጥርሱ ላይ አስሮ ከኋላቸው ሆኖ ሳበው። የቃጫው ክር ይኸው ተሰክቷል። ከዚያ ገመዱን ፈታ፤ እጁም በልማድ ጠቅልሎ ሰቀለው።»

«እኔ ዋጫ ነበርኩ!»

«እስከ አጥንትህ የበሰበስክበት ዋጫ? ክዳኗ እዚህ ተሰቅሎ፣ ሸራ የሌላት መኪና ዝናብ ላይ ውላ ወንበሯ አቧራ ይዞ አገኘሁት። በቦንጋ ጉም ስፖንጅ በአንድ ሌሊት ይደርቃል? ዝናቡ ሲወርድ መኪናዋ እዚህ ውስጥ፣ ከክዳኑ ጎን ባለው ቦታ ነበረች። አንተም ከእሷ ጋር። ነጂብ የሰማው ነጎድጓድ ክዳኑ ሲወድቅ ነው፤ ዝናቡ ካባራ በኋላ መኪናዋን ወደ ጭቃው አወጣሃት።»

ወንድማገኝ ወደ በሩ ተመለከተ፤ ሰብሃት ቆሞበታል።

«ለምን የሚለው ይቀራል» አለች አብርሆት፤ ወደ እትዬ አልጣሽ ዞራ። «የግራ መብራቷ ለምን ተቀየረ እትዬ?»

ሴትዮዋ ወንድማቸውን አዩት። ከእናታቸው ሞት በኋላ፣ ማንኪራ አጎታቸው ቤት፣ በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ነበሩ። ከዚያ ኢሳያስን አዩት፤ ባዶ ደረቱን፣ የደረቀ ከንፈሩን።

«የሺሺንዳውን ሽማግሌ የገጨው እሱ ነው» አሉ። «ባሌ መብራቱን ሲፈቱ የነጠላ ጥለት ተሰክቶ አገኙ። ‹እስከ እሑድ ራሱ ሄዶ ይናገር፤ አለዚያ እኔ እናገራለሁ› አሉኝ። እኔ ነኝ ለወንድሜ የነገርኩት። እንዲያመልጥ ብዬ ነበር። ያን ገመድ ተሰቅሎ ያየሁ ጊዜ ሁሉም ገባኝ።» ወደ ኢሳያስ ዞሩ። «አንዱን ቀብሬ ሌላውን እንዴት ልስጥ? አፌን ዘጋሁ። ይሄን ልጅ በቁሙ ልገድለው ነበር!»

«እታለም!» ብሎ ጮኸ ወንድማገኝ። «እስር ቤቱን ፈራሁት። ጋሼን እወዳቸው ነበር እኮ። ወዲያው ላነሳው ሞከርኩ፤ ብቻዬን አልቻልኩም... አልነሳ አለኝ!»

ሰብሃት የኢሳያስን እጅ ፈትቶ ካቴናውን ለወንድማገኝ አጠለቀለት፤ ይዞትም ወጣ።

ኢሳያስ ግን የሰማ አይመስልም። የታሰረበትን አንጓ እያሸ፣ ከመጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። ዓይኑ ወደ ጣሪያው፣ ወደ ወራጁ ሄደ።

«ብየዳው ይዟል?» አለ በሹክሹክታ።

«መሰላሉ ያውልህ፤ ራስህ እይ» አለችው አብርሆት።

መሰላሉን ወጣ። እያንዳንዱን መንጠቆ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። የመጨረሻው ላይ ሲደርስ ግንባሩን ብረቱ ላይ አስደግፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። በእምነት ከታች የመሰላሉን እግር ይዛ አብራው ታለቅሳለች።

ሲወርድ ቆጮውን ዘረጋችለት። እሱ ግን እትዬ አልጣሽን አየ፤ የሚበላው ከሳቸው ፈቃድ ያገኘ እንደሆነ ነበር። እሳቸው ወንድማቸው በወጣበት በር በኩል ፈዘው ቆመዋል። ቀስ ብለው መጡና ከቆጮው ቆርሰው ወደ አፉ አስጠጉት።

«ጉረስ» አሉት። «ጋሼህ ከዚያ ሥር ይቀመጡ የነበረው ያንተን ሥራ አምነው ነው። ያልታመንኩልህ እኔ ነኝ፤ እውነቱን እያወቅኩ።»

ኢሳያስ አፉን ከፈተና ጎረሰ።